ዳማ አልነሳም አለች

(ደብረ ማርቆስ፣ በጥር ወር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ሹፌሩ ጋሼ ልየው፣ ሞተሯ ወርዶ የተሠራላትንና ዛሬ መንገድ ላይ ቀጥ ያለችበትን «ዳማ» የሚላትን የናፍጣ ፒክአፑን በሰው አስገፍቶ፣ የራሷን ጋራዥ ከከፈተች ገና አራት ወር በሆናት በመካኒኳ በስመኝ በር ላይ አቁሟታል።)

ልየው፦ አልሰማም! አንድም ቃል አልሰማም! ለቢምረው ደውያለሁ፤ ገመድ ይዞ መጥቶ ወደ እሱ ጋራዥ ይጎትትልኛል።

ስመኝ፦ ጋሼ ልየው፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።

ልየው፦ አሥራ ስምንት ቀን ሰጥቼሽ የለም? ዳማዬን ብልት በብልት ስታወጫት ዝም ብዬ አየሁ!

ስመኝ፦ መልሼም ገጠምኳት። ትናንት እየነዱ ነው ከዚህ የወጡት። «እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው» ያሉት ማን ነበር?

ልየው፦ ሙሽራዋ ዛሬ ከሰፈር ሳትወጣ ቀጥ አለቻ! ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አልነሳም አለች። ሰባት ሰው ነው የገፋት። ለሰባቱም «የሴት እጅ ገብቶባት ነው» አልኳቸው።

ስመኝ፦ ለሰባቱ ብቻ?

ልየው፦ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ... ጥቂት ሹፌሮች ነበሩ።

ስመኝ፦ ጥቂት?

ልየው፦ ምን ታደርቂኛለሽ? አባቶችስ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ለዚህ አይደል?

ስመኝ፦ አባቶች የናፍጣ መኪና ነበራቸው? ይግቡና ቁልፉን ያዙሩልኝ።

ልየው፦ ይኸው! ኩርር፣ ኩርር፣ ኩርር። ሌላ ወሬ የላትም።

ስመኝ፦ ማስነሻው ሞተሪኖ ጉልበት አለው፤ ባትሪውም ደህና ነው። ይድገሙት፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ጭሱን ልይ።

ልየው፦ የምን ጭስ? ሳትነሳ ልትጨስ ነው?

ስመኝ፦ ናፍጣ ከደረሳት ባትነሳም ትንሽ ጭስ ትተፋ ነበር። ይሄ ጭስ ማውጫ ግን እንደ ጾመኛ አፍ ደርቋል። ናፍጣው እየደረሳት አይደለም ማለት ነው። እኔ የሠራሁት ሞተር ምንም አልሆነም።

ልየው፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ደግሞ በናፍጣ አሳበብሽ?

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ይስሙኝማ። ለብቻዬ ሞተር ሳወርድ ይቺ የመጀመሪያዬ ናት። ጋሽ ቢምረው ከዚህ በር ላይ በገመድ ከጎተቷት፣ ከዛሬ ወዲያ መኪና ይዞ የሚመጣልኝ ሰው የለም። ትናንት ስትነሳልኝ ጓሮ ገብቼ አልቅሻለሁ፤ በደስታ። እባክዎ፣ እሳቸው እስኪመጡ እንኳ ይታገሱኝ።

ልየው፦ በይ፣ በይ፣ ፍጠኚ። እንባ አልወድም።

ስመኝ፦ ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ ላርጋት... ብርጭቆውን ያቀብሉኝ። ይኸው፣ ይመልከቱ።

ልየው፦ ናፍጣ ነው።

ስመኝ፦ ላይ ያለችው ጣት የማትሞላዋ ናት ናፍጣ። ከሥሯ ያለውስ?

ልየው፦ እሱማ... ቀጠን ያለ ናፍጣ ነው።

ስመኝ፦ ውሃ ነው፣ ጋሼ!

ልየው፦ ማደያው ነው! ውሃ እየቀላቀሉ ነው የሚሸጡልን!

ስመኝ፦ ማደያ የገቡት ሳትሠራ በፊት ነው። ትናንት የተነሳችው በዚያው ናፍጣ ነው።

ልየው፦ እንግዲያው ዝናብ ገብቶባት ይሆናላ።

ስመኝ፦ በጥር?

ልየው፦ ጤዛ!

ስመኝ፦ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጤዛ? ታች የዘቀጠው ይሄ አመድስ ምንድን ነው?

ልየው፦ አማትቢ! አመድ አይባልም፤ የሚካኤል እምነት ነው! ምን ታፈጫለሽ?

ስመኝ፦ ጋሼ ልየው። የናፍጣው ታንከር ውስጥ ጸበል ጨመሩ?

ልየው፦ ትንሽ ናት።

ስመኝ፦ ምን ያህል ትንሽ?

ልየው፦ ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ... ሁለት ሃይላንድ።

ስመኝ፦ ኧረ በሥላሴ!

ልየው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ሆዷ ተከፍቶ፣ አንጀቷ ወጥቶ ተመልሶ የገባ ፍጥረት ናት! ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው ጸበል አይጠጣም?

ስመኝ፦ ይጠጣል፤ በአፉ!

ልየው፦ የእሷ አፍ የት ነው ታዲያ?

ስመኝ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከውጭ ቢረጯት ምን ነበረበት?

ልየው፦ ከውጭማ ረጭቻታለሁ። ሕመሟ የውስጥ ነው ብዬ ነዋ።

ስመኝ፦ ይበሉ ዞር ይበሉ፣ ከሥሯ ልግባ። የታንከሩን ሙሉውን ቦዩ ውስጥ ልልቀቀው።

ልየው፦ ተይ! ጸበል መሬት ላይ? ሰው ሊረግጠው?

ስመኝ፦ አብዛኛው ናፍጣ ነው እኮ።

ልየው፦ አንድ ጠብታም ብትሆን ጸበል ጸበል ናት። ንጹሕ ጀሪካን አምጪ። እግር የማይደርስበት ቦታ እወስደዋለሁ።

ስመኝ፦ እሺ፣ ጀሪካኑን እርስዎ ይያዙልኝ። ደግሞ ጫማዎን ለምን ያወልቃሉ?

ልየው፦ በጫማ ልቀበለው ነው?

ስመኝ፦ ጋሼ፣ እባክዎ መኪና ሥር ተኝቼ አያስቁኝ። ናፍጣ አፌ ውስጥ ገባ!

ልየው፦ ጸበልም አለበት፤ አይጎዳሽም።

ስመኝ፦ እንትፍ! ... በቃ፣ ተንጠፈጠፈች። ፊልትሮውን በአዲስ ቀይሬ፣ ካለኝ ንጹሕ ናፍጣ ጨምሬላታለሁ። አሁን መስመሩ የያዘውን አየር ማስወጣት ነው የቀረን። ይቺን ፊልትሮው አናት ላይ ጉብ ያለችውን የጎማ ፓምፕ በአውራ ጣትዎ ጫን፣ ለቀቅ ያድርጓት።

ልየው፦ እስከ መቼ?

ስመኝ፦ ጠንክራ አልጫንም እስክትል።

ልየው፦ ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ... አርባ አንድ። በቃ፣ ጠነከረች።

ስመኝ፦ ምንድን ነው የሚቆጥሩት?

ልየው፦ በአንድ መጫን አንድ «እግዚኦ መሐረነ» ነው። አርባ አንዱ ሞላ።

ስመኝ፦ ይበሉ ይግቡ። ያዙሯት።

ልየው፦ ኩርር... ኩርር... ተነሳች! ተነሳች እኮ! እሰይ ዳማዬ! እሰይ የእኔ እመቤት!

ስመኝ፦ ድምጿን ይስሙት። ተመስገን!

ልየው፦ ጸበሉ ሠራላት ማለት ነው።

ስመኝ፦ ጋሼ!

ልየው፦ ስቀልድ ነው። በይ፣ ለቢምረው ደውዬ «አትምጣ» ልበለውና ልሂድ። የጸበሏ ነገር ግን በእኔና በአንቺ ትቅር።

ስመኝ፦ በእኔና በእርስዎ? መናኸሪያው ሁሉ «የሴት እጅ ገደላት» ሲል አርፍዶ፣ የእኔ ስምስ?

ልየው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ስመኝ፦ እያደር እስኪጠራ ይሄ በር ይዘጋል።

ልየው፦ ቄሰ ገበዙ ከሰሙ መሳቂያ መሆኔ ነው እኮ። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ!

ስመኝ፦ እኔ ሃያ ሰባቴ ነው፤ ብዙ የምሠራው አለኝ። ከእንግዲህ አልለምንዎትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ መሄድ ከቻሉ ይሂዱ። ምነው ቆሙ? ሞተሩ እየሠራ ነው እኮ።

ልየው፦ እግሬ እንቢ አለኝ። ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ነይ ግቢ።

ስመኝ፦ የት?

ልየው፦ በዚህ በኩል፤ መሪው ጋ። እኔ ወዲያ ልሻገር።

ስመኝ፦ እኔ ዳማን ልንዳ?

ልየው፦ አዎ፣ ንጂ። በመናኸሪያው አድርገሽ፣ ገበያውን ዞረሽ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል ትወጫለሽ። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ሞተሯን ያዳነችው ስመኝ ናት፣ ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ!» እያልኩ እጮኻለሁ። አንቺ ብቻ ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ሳይሰማ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።