የዘይነባ ዓይንና አራቱ ሚዛኖች

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ነገሩ የሆነው አጨዳው አልቆ ገብሱ ወደ አሰላ በሚጎርፍበት ሰሞን ነው። በወንዱ ልጄ መጋዘን አራት ሚዛኖች በአንዲት ትንሽ ሳጥን በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዘዋል። ጎረቤቴ ዘይነባ አይታ «ሲያምር!» አለች፤ ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ሳትል ሄደች። በነጋታው ኮምፒውተሩ ሚዛኖቹን አላውቃቸውም አለ። እኔ ሞኟ፣ በተሰለፈው ገበሬ ፊት «የዘይነባ ዓይን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል፣ ለካ ችግራችንን ሰምታ፣ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ልጇን ይዛልን መጥታ ከኋላዬ ቆማለች።

ልጅቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «እማማ፣ የማንም ዓይን አይደለም። ልጅዎ ትናንት አዲስ ሲስተም ጭኖበታል፤ እሱ ደግሞ ከዚህች ሳጥን ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም የለውም። እኔ እጭንላችኋለሁ» አለችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ይቅር በይኝ ዘይነባዬ» ብላት፣ «ኧረ ተይው» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሚዛኖቹ ሠሩ፤ ገበሬዎቹም ሸጠው ቤታቸው ገቡ። ዘይነባ ዛሬም ትጠይቀኛለች፤ እኛ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አድንቃ አታውቅም።