ያልጸደቀው ሞት

ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንዴ? ምነው ድምፅህ? … ቆይ፣ አታልቅስ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ። ማን ሞተ? …

ጋሼ?

አልሞቱም። … አጎታችን አልሞቱም እልሃለሁ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ይነካካሉ። — ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ። — … ከሆስፒታሉ መልእክት ደረሰህ? … ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ። ገባኝ። ካርዳቸው ላይ የቅርብ ዘመድ ተብለህ የተጻፍከው አንተ ነሃ። የእኔ ስልክ ደግሞ እዚያው ሆስፒታል ተዘግቶ ዋለ።

ስማኝ። ትናንት የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ተራቸው ነበር። ሰዓት ሠሪ ዓይኑ ከጠፋ ምን ቀረው? ሐኪሙም ትናንትን ሠርቶ ለአንድ ዓመት ትምህርት ሊሄድ ነው። ነርሷ ኮምፒዩተሩን አየች፣ ጋሼን አየች፣ መልሳ ኮምፒዩተሩን አየች። «ሰውየው እኮ አርፈዋል» አለችኝ በጆሮዬ። … ሰሙ እንጂ። መቼ ብለው ጠየቋት። ሦስት ሰዓት ላይ ስትላቸው፣ «ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ ወረፋ ላይ ነበርኩ» አሉ።

እንዴት መሰለህ፣ መዝገብ ቤት ያለችው ጸሐፊ የሌላ ሰው ሞት ስታስገባ በስህተት የጋሼን ካርድ ከፍታለች። «ሟች» ብላ ጻፈች፤ ሳታጸድቀው ስህተቷን አየችና ሰረዘችው። ግን በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የቀዶ ጥገና ክፍሉ አንብቦ ከተራ አወጣቸው፤ መልእክት የሚልከው ኮምፒዩተርም አንብቦ ላንተ ላከ። … አዎ፣ ያልጸደቀውን። ሳይበስል ድስት ከፍቶ እንደ መቅመስ በለው።

የዳታቤዙ ባለሙያ ተጠራ፤ ዝምተኛው ነው የሚሉት። ጋሼ አፋጠውት ተናገረ። ብዙ ሰው አንድን መዝገብ በአንዴ ሲነካ ሲስተሙ የሚጠነቀቅበት አራት ደረጃ አለ አለ። አንደኛው ያልጸደቀውንም ያስነብባል። ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙ ዘገየ እያሉ ሲጨቀጭቁት ያደረገው እሱን ነው። ሁለተኛው የጸደቀውን ብቻ ያሳያል፤ ግን በአንድ ሥራ መሀል ሁለቴ ብታነብ መልሱ ሊለወጥብህ ይችላል። … ማለትማ፣ ጋሼ በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ በሕይወት ያሉ፣ ከታች ሟች ይሆናሉ። ሦስተኛው አንዴ ያነበብከውን ሥራህ እስኪያልቅ አይለውጥብህም፤ ግን ስምንት በሽተኛ ቆጥረህ እንደገና ስትቆጥር ዘጠነኛ ገብቶ ታገኛለህ። አራተኛው ሁሉም ሰው ተራ በተራ የሠራ ያህል ያደርገዋል።

ጋሼ «እኔን አራተኛው ላይ አድርገኝ» አሉት።

አደረገ። … የት አለቀና። ነርሷ ጋሼን መልሳ ልታስገባ ኮምፒዩተሩ ላይ አልጋ ይዛ የሐኪሙን ሰዓት ትጠብቃለች፤ ጸሐፊዋ ለሌላ በሽተኛ የሐኪሙን ሰዓት ይዛ ያንኑ አልጋ ትጠብቃለች። ማንም አይለቅም። በመጨረሻ ሲስተሙ ራሱ የአንዱን ምዝገባ ጣለ። … የማንን ትላለህ፣ የጋሼን ነዋ። ባለሙያው አንዱ ካልተጣለ ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ፣ የተጣለው እንደገና ይሞክራል አለን። ጋሼ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው፣ «በአንድ ቀን ሁለቴ አልሞትም» አሉ። ሐኪሙ ጋውኑን ሊያወልቅ ሲል ነርሷ እንደገና ሞላች … ገባላት።

… አዎ፣ ተሳካ። ዛሬ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና፣ አራት ደቂቃ ይዘገያል አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ ሐኪሙ ማልቀስ ከለከላቸው።

ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ሳቅክ፣ ተመስገን።

ቆይ፣ አንተስ ለማን ነገርክ? … ለአክስታችን ብቻ። … አክስታችን ብቻ ማለት ሀገሩ በሙሉ ማለት እኮ ነው።

አንዴ ጠብቀኝ፣ በር ተንኳኳ። — ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ እኔ እከፍታለሁ። — … በመስኮት እያየሁ ነው። ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ጥቁር የለበሰ ሰው። አክስታችን ከፊት ናቸው፤ ልቅሶው ይሰማሃል? … ጋሼ ቀደሙኝ። ከፈቱት።

… ጸጥ አለ። … አክስታችንን ሁለት ሰው ደግፏቸዋል።

ጋሼማ ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ በአንድ እያዩ ነው። … ማን እንደመጣ ሳይሆን ማን እንደቀረ ነው የሚያዩት። … ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድምሽስ?» አሉኝ።

… እኔ ምን ልበላቸው? በስልክ አልቅሷል ልበል? … አሁኑኑ ተሳፈር። ቻው።