ቀይ ቀለም የተቀባው ድንጋይ

ሰኞ ጠዋት እናቴን ልጠይቅ ከዲላ ወደ ባንኮ ጎቲቲ ሄጄ፣ ከመንደራችን በታች ያለው ወንዝ ዳር ጎረቤታችንን ጋሽ ሽብሩን አገኘኋቸው። ወደ ትምህርት ቤት የሚያሻግረውን የእንጨት ድልድይ የዘንድሮው የሰኔ ጎርፍ ወስዶታል። እሳቸው አንድ ድንጋይ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ድልድዩን ሊሠሩ ነው የወጡት?»

«የእርዳታ ድርጅቱን ልጠብቅ ነው እንጂ! ይህን ድንጋይ ቀይ ቀብተው ‹እዚህ የብረት ድልድይ እንተክላለን› ብለው ሄደዋል። እንጨት ከጣልንበት ‹እነዚህስ ራሳቸውን ችለዋል› ብለው ይተዉናል። አንቺ ትንቢት፣ ምንም እንዳትነኪ!»

«መቼ ነው የቀቡት?»

«ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ቀለሙን ፈለግሁ። ሻጋታ አልብሶታል።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ እንኳ ረስቷቸዋል።»

«ታዲያ ድሃ ምን ያዋጣል? በጎ አድራጎት የባለጸጋ ነው።»

«ለቅሶ ሲሆን ድሃ መሆናችንን ማን ያስታውሳል? እንጨቱ ይፈለጣል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ቆጮው ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ለሞተ ሰው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሐሙስ ፈተና ላላት ለልጅ ልጅዎ ለሩሃማ አንድ ቀን አጡ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «የዘንድሮው ቢያልፋት የከርሞ አለ።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። «እኔም ከሰባተኛ ክፍል ስቀር ‹የከርሞ አለ› ነበር የተባልኩት። ከርሞው እስካሁን አልደረሰም። የማውቀውን ሁሉ መናኸሪያ ሻይ እየሸጥኩ፣ ከተማሪ የተረፈ ደብተር እያነበብኩ ነው የለቀምኩት። ሩሃማ ግን ሻይ አትሸጥም! ነገ ብቻዬን እጀምራለሁ።»

«በምንሽ?» አሉና ሳቁ። «ምላስሽ ድልድይ ቢሆን ወናጎ ድረስ ባሻገረን ነበር።»

«ምላሴ ድልድይ ባይሆንም ድልድይ ሠሪ ይጠራል።»

ጠራም። ማታውን ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ያልሰደብኩት ሰው የቀረ አይመስለኝም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ወንዙ ዳር የተገኘነው ሦስት ብቻ ነበርን። እትዬ ገበያነሽ እንሰት ስትፍቅ ያጠራቀመችውን ቃጫ አምጥታ ገመድ ትገምዳለች። ሽመክት የሚባል የመንደሩ ወጣት መጋዝ ይዟል። እኔ ድንጋይ እሸከማለሁ።

ረፋዱ ላይ መጥረቢያ ሰማን። ጋሽ ሽብሩ ለአዲስ ቤታቸው ምሰሶ ያሳደጓቸውን ሁለት ባሕር ዛፎች እየጣሉ ነበር፤ የሩሃማ ነገር ሌሊቱን ሳያስተኛቸው አልቀረም! ሽማግሌው መቁረጣቸውን ያየ ማን ቤቱ ይቀመጣል? መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ምንም የሌላት አንዲት መበለት እንኳ የሠራተኞቹን ሕፃናት ስትጠብቅ ዋለች፤ ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ መዋጮ የእሷ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሩሃማ በአዲሱ ድልድይ ጫማዋ ሳይርስ ተሻገረች። አያቷ እስክትሰወር አዩዋት።

«ትንቢት፣ ድርጅቱ ቢመጣስ ምን እንላለን?»

«እንኳን ደህና መጣችሁ እንላለና! እርዳታን ማን ጠላ? ብረቱን ይትከሉ፤ እንጨታችንን ለታችኛው መሻገሪያ እንወስደዋለን። የሚሠራ ሰው ያዩ ደግሞ ለማገዝ ይቀላቸዋል።»

እንደ እሳቸው ለምትጠብቁም የምለው ይኸው ነው፦ ለመስጠት ሀብታም እስክትሆኑ አትጠብቁ። ገመድ ያለው ገመድ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት፣ ጊዜ ያለው ጊዜ ያዋጣ። ልጅ ከትምህርቷ አትቀርም፣ ወላድም ወንዝ ዳር አትቀርም።

ጋሽ ሽብሩ ዛሬም እዚያው ናቸው። ቀይ የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚሻገረውን ሁሉ ያስቆማሉ።

«ለድልድዩ ጥገና ምን ይዘህ ትመጣለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ድሃ ነኝ» ያለ እንደሆነ ከዘራቸው መንገዱን ይዘጋል።

«ለቅሶ ላይ እንጨት ስትፈልጥ አይቼሃለሁ» ይሉታል።