ያልተጨረሰው ስድብ

ፍራሽ ሠሪዋ እትዬ ምላጭ ደረጃው መሀል ቆመው የግድግዳ ስንጥቅ ሲመረምሩ፣ የእህታቸው ልጅ ከላይ ስትወርድ ገጠመቻቸው። ልጅቱ የሳንባ ክሊኒክ ነርስ ናት። ልትጠይቃቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ ቤት ስታጣቸው መመለሷ ነበር።

«አክስቴ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ስንጥቅ። የዛሬ ግንበኛ እጅ የለውም።»

«ባለፈው ሳምንትስ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ?»

«እሱ ሌላ ስንጥቅ ነው። አንቺ ደግሞ ነርስ ነሽ ወይስ የሰው እግር…»

ቀሪው አልወጣም። ግድግዳውን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ስንጥቁ ማረፊያ ሰበብ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ልጅቱ ግን ጨዋ ናትና እሷም ስንጥቁን እያየች ጠበቀቻቸው።

የእትዬ ምላጭ ቁስል ደረጃው አልነበረም። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ከሚሠራው ጫማ ሰፊ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲሰዳደቡ ኖረዋል። እሳቸው ባል፣ እሱ ሚስት ቀብረዋል፤ ሰላምታቸው ይኸው ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ስድቡ መሀል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ሰውዬው መልስ በመስጠት ፈንታ በርጩማ ይዞ መጣ። «ይቀመጡ፣ እናቴ» አላቸው። እናቴ! ሃያ ዓመት «አንቺ አሮጊት» ሲል የኖረ ሰው! በጥፊ ቢላቸው ይሻላቸው ነበር።

ይህንን ለልጅቱ ነገሯት። ከዚያ ምድር ቤት ወዳለው ሱቃቸው ይዘዋት ወረዱ። ጥጥ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ ይጨሳል፤ መስኮቱ ተዘግቷል።

«መስኮቱን ማን ቸነከረው?»

«እኔ። ነፋስ ጥጤን እንዳይበትነው ብዬ።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«ሠላሳ።»

«ነፋስ ያልወሰደው የሠላሳ ዓመት ብናኝና ጭስ የት የገባ ይመስልዎታል?»

«ወሬ! መድኃኒቱንም ሞክሬዋለሁ» አሉና ከጉያቸው በአፍ የሚነፋውን የትንፋሽ መድኃኒት አወጡ። «ንፋስ ነው የሸጡልኝ።» አፋቸውን ከፍተው ሁለቴ ጫኑት። ነጩ ጉም ምላሳቸውን ነክቶ ወደ ውጭ ተመለሰ።

«በቀን ስንቴ ይወስዱታል?»

«ሲያንቀኝ ነዋ! ሳያመኝ ልጨርሰው?»

ልጅቱ አልሳቀችም። ለእድሳት የመጣ አሮጌ ፍራሽ አየችና «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ሞቶ ነዋ። ስትጫኚው ይሰምጣል፤ ስትለቂው አይነሳም።»

«የእርስዎም ሳንባ እንዲሁ ነው አክስቴ። ጤነኛ ሳንባ አየር ሲገባ ይለጠጣል፤ ከዚያ በራሱ ጉልበት ተሰብስቦ ያስወጣዋል። ውስጡ እጅግ ቀጭን ግድግዳ ያላቸው ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ብናኝና ጭስ ሲገባ የሰውነታችን ዘበኞች ሊዋጉት ይመጣሉ። ጠቡ ሲበዛ ግን የሚረጩት ነገር የራሳችንን ግድግዳ ይበላል። ከረጢቶቹ እየተቀደዱ አንድ ትልቅ ልል ከረጢት ይሆናሉ። ቧንቧዎቹም ያብጣሉ፤ አክታ ይሞላቸዋል። እርስዎ ‹አየር አጠረኝ› ይላሉ፤ ችግሩ ግን የገባው አልወጣም ማለቱ ነው። አሮጌው ቦታ ይዞ አዲሱ የት ይግባ?»

«ስድቤስ?»

«ሰው የሚናገረው በሚያስወጣው ትንፋሽ ነው።»

እትዬ ምላጭ ፍራሹን በመዳፋቸው ተጫኑት። ሰመጠ፤ አልተነሳም።

«እኔ ይኼን ፈትቼ፣ ጥጡን ነድፌ አድነዋለሁ። እናንተስ ደረቴን ፍቱና ንደፉት!»

«አልዋሽዎትም፤ የተቀደደው አይሰፋም። የተበላውን ግድግዳ መልሶ ለማብቀል የሚመራመሩ አሉ፤ ገና አልደረሱበትም። የቀረውን ግን ማትረፍ በእጅዎ ነው።»

መድኃኒቱን ተቀብላ አሳየቻቸው፤ መጀመሪያ ትንፋሽን ማስወጣት፣ የመድኃኒቱን አፍ በከንፈር መግጠም፣ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምሩ መጫን፣ ከዚያ እስከ አሥር መያዝ። ቢያማቸውም ባያማቸውም ጠዋትና ማታ። ደረጃ ላይ ደግሞ ትኩስ ነገር እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መንፋት፤ ያኔ ቧንቧዎቹ ቶሎ አይከደኑም፤ የታፈነው አየር መውጫ ያገኛል።

«ጥጤስ ይበተን?»

«መስኮቱ ላይ መረብ ይወጥሩበት። ሲነድፉ ግቢ ይውጡ፤ አፍና አፍንጫዎን የሚሸፍን ጭምብል አመጣልዎታለሁ። ምድጃውም ይውጣ።»

«እህቴ ሞኝ ነበረች፤» አሉ እትዬ ምላጭ መዶሻቸውን እየፈለጉ። «አንቺን ከየት እንዳመጣችሽ እንጃ።»

ምስማሮቹን በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ሦስት ጊዜ አረፉ፤ በሦስቱም ከንፈራቸውን አሹለው ነፉ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጫማ ሰፊው እንደ ለመደው በርጩማውን ይዞ ሲመጣ፣ እትዬ ምላጭ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ያንን በርጩማ ለራስህ አድርገው! ሶሉ ከበርህ ሳይወጣ የሚሰናበት፣ ቀኙ ወደ ገበያ ግራው ወደ ቤት የሚሄድ ጫማ እየሰፋህ ሰፈሩን አንካሳ ያደረግክ፣ አንተ ራስህ ጥገና እንቢ ያልክ አሮጌ ቡትስ!»

ሰውዬው በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ዓይኑን ጠረገ።

«አንቺ አሮጊት! ይኼን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ?»

«ላንተማ ግማሹ ይበቃ ነበር።»

እትዬ ምላጭ አልዳኑም፤ ዳኑ የሚል ሰው ውሸታም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ አሁንም አንዴ ይቆማሉ፤ ስንጥቅ ግን አይመረምሩም፤ ቆመው ይነፋሉ እንጂ። ሌሊት ተኝተው ያድራሉ፣ በሳምንት ሁለት ፍራሽ ይሠራሉ፣ ሳላቸውም ቀንሷል። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ መስኮት ተከፍቶ፣ አንድ መድኃኒት በወጉ ተወስዶ፣ አንዲት እልኸኛ ሴት ከልጅ መማር አላሳፍር ብሏት ነው።

በዚያው ጠዋት ግን ጫማ ሰፊው በመልሳቸው ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። አልለቀው አለ። እትዬ ምላጭ ስድባቸውን ትተው፣ ክንዱን ይዘው አብረውት መንገዱን ተሻገሩ። የማስቲሽ ሽታ ወዳፈነው ሱቁ ገብተው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ።

«ስማ አንተ፣» አሉ። «ይኼን መስኮት ማን ነው የቸነከረው?»