የድንቢጥ መጨረሻ

(ሴኡል፤ ከአሮጌው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት። ወይዘሮ ቡንሱን ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። የሟች ወንድማቸው ልጅ ቾልጁን፣ ከአባቱ የወረሰው የጌም ድርጅት የታሪክ አዳራሹን ነገ ስለሚያስመርቅ፣ የአክስቱን ቃል ሊቀርጽ ስልኩን ደቅኗል።)

ቡንሱን፦ ያንን ስልክ አጥፋው አልኩህ። የዘበኛውን ቃል ቀረጻችሁ። ለአባትህ ሻይ ታመላልስ የነበረችውን ሴትዮ ሳይቀር ፈልጋችሁ አገኛችኋት። የእኔ ቃል ትዝ ያላችሁ ዛሬ ነው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

ቾልጁን፦ ለመጨረሻ ያቆየንዎት ለክብርዎ ብለን ነው፣ አክስቴ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበሉልኝ፤ «ወንድሜ ጊቴ ድንቢጥ የተባለችውን ጌም በገዛ እጁ ፈጠራት።» ከዚያ ወደ ሽንኩርትዎ ይመለሳሉ።

ቡንሱን፦ አላምጠህ አመጣህልኝ እንዴ? ጥርሴ እኮ አልረገፈም።

ቾልጁን፦ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ቡንሱን፦ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ስለ ባሌ ምን አስጻፍክ?

ቾልጁን፦ ስለ ጋሽ ማንሶክ? በደንብ ነው የተጠቀሱት። ከቀደምት ሠራተኞች አንዱ ተብለው።

ቡንሱን፦ ሌላስ?

ቾልጁን፦ ሌላማ... ጠቅለል ያለ ነገር ነው።

ቡንሱን፦ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮ አለኝ። የላክልኝን የምርቃቱን መጽሔት ለዓሣ ሻጩ ሰጠሁት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። አንብብልኝ እንጂ አባብለኝ አላልኩህም አልኩት። «ማንሶክ የተባለ ሠራተኛ፣ ከኃላፊዎች እውቅና ውጭ የሰው ጌም ሲቀዳ ተገኝቶ ታሰረ።» ግድግዳውም ላይ ይኸው ነው የተቀረጸው ይላል አለኝ። ዓሣዬን ጥዬ ወጣሁ።

ቾልጁን፦ የፈረደው ፍርድ ቤት ነው፣ እኔ አይደለሁም። ወረቀቱ አለ።

ቡንሱን፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ኃላፊ ያልከው ማን ነበር? በዚህች ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። መርከበኞች ከጃፓን የጌም ካሴት ያመጣሉ። ማንሶክ ይከፍተዋል፣ ውስጡን ይቀዳል፣ መክፈቻው ላይ ያለውን የሠሪዎቹን ስም ፍቆ የእኛን ያስገባል። እኔ እበይዳለሁ፣ ሥዕሉን እለጥፋለሁ። አባትህ በሻንጣ ሞልቶ ይሸጣል። መሸጥስ ይችልበት ነበር፣ ለዓሣ ውኃ ይሸጥ ነበር። ድንቢጥም የወጣችው ከዚያው ነው።

ቾልጁን፦ ድንቢጥን ተዉልኝ። ሌላው ተቀድቶ ይሆናል። ድንቢጥ ግን የአባቴ ናት። እኔ እኮ በእሷ ነው ያደግኩት። ዛሬ የድርጅቱ ምልክት ናት፣ የልጄ ቦርሳ ላይ አለች።

ቡንሱን፦ የፈለፈሏት ጃፓኖች ናቸው። እኛ ክርስትና አነሳናት።

ቾልጁን፦ ባለፈው ወር የሰጡን ካሴት አዳራሹ መሀል ነው ያለው፤ እንግዳ ሁሉ እንዲጫወትበት ቴሌቪዥን ላይ ገጥመነዋል። ባለሙያዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ሲነካኩት ከረሙ። የጃፓን ስም የሚባል አላዩም።

ቡንሱን፦ እስከ መጨረሻው ሄዱ?

ቾልጁን፦ መጨረሻውን ማን ያየዋል? ድንቢጧ ግንቡን እየወጣች እባቡ ጋ ስትደርስ ያልቅላታል። ሁሉም እዚያው ነው የሚሞተው።

ቡንሱን፦ አባትህም እዚያው ነበር የሚሞተው።

ቾልጁን፦ ምን ማለትዎ ነው?

ቡንሱን፦ በእኛ ቤት ሕግ ነበር። ካሴት ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ይጫወተዋል፤ የሠሪዎቹ ስም ያልተፋቀበት ጥግ ቀርቶ እንዳይሆን። የአባትህ ሥራ ነበር። ጨረስኩት አለ። ማንሶክ ደግሞ ጠየቀው። ርችት ተተኮሰ፣ ድንቢጧ ጨፈረች፣ ሌላ የለም አለ። አመነው። ኢንቾን ከተማ ያለ ሥራ የፈታ ፀጉር አስተካካይ ካሴቱን ገዝቶ እባቡን አለፈው። መጨረሻው ላይ ጃፓኖቹ በሙሉ ተሰልፈው ጠበቁት፤ ማን እንደ ሣለ፣ ማን ዜማውን እንደ ሠራ፣ በየስማቸው። ለደንበኛው ሁሉ እየጠራ ሲያሳይ ወሬው ባሕር ተሻገረ። ከዚያ ፖሊስ መጣ።

ቾልጁን፦ ታዲያ ጋሽ ማንሶክ ለምን አልተናገሩም?

ቡንሱን፦ አባትህ አንተን ታቅፎ መጣ። ጥርስ እንኳ አላወጣህም። እዚያች ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ይህ ልጅ ያለ አባት አይደግ አለ። ስትወጣ ስምህ ከስሜ ፊት ይጻፋል አለው። ማንሶክ ዞር ብሎ አየኝ። እኛ ልጅ የለንም። ዝም አልኩ፤ ጥፋቱን ብቻውን ወስዶ ሄደ።

ቾልጁን፦ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ቡንሱን፦ ከእስር ሲወጣ ሳንባው አልቆ ነበር። አባትህ መድኃኒት አልነፈገውም፣ አልዋሽም። ስሙን ነው የነፈገው።

ቾልጁን፦ አክስቴ... አባቴም የለም፣ ጋሽ ማንሶክም የሉም። ነገ ጋዜጠኛ አለ፣ በገንዘብ ሊሻረኩን ያሰቡ ሰዎች አሉ። ሁለት መቶ ሰው እዚያ ቤት ይሠራል። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ቡንሱን፦ የእኔ ነቅዟል። ገርድፌ ሳየው ባዶ ነው። አንተ ደግሞ ሙያውን ሳትማር ወረስከው፤ የሠራውን ሰው ስም ትፍቃለህ፣ የራስህን ትጽፋለህ። እንደ አባትህም መጨረሻውን ሳታይ ገበያ ታወጣዋለህ።

ቾልጁን፦ ካሴቱን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ።

ቡንሱን፦ አንሳው። የጥሪ ካርዱ ፊት ላይ ሥዕሏን አትመሃል። የት ሄደች ሲሉህ ጥሬ ልትለቅም ወጣች ትላለህ?

ቾልጁን፦ እንግዲያው ትቀመጥ። ስንት ባለሙያ ያቃተውን እባብ ነገ በአንድ ቀን የሚያልፈው የለም።

ቡንሱን፦ ፖሊሶቹ ቤቱን ሲጠርጉ ያቺ የሰጠኋችሁ ካሴት ሽንኩርቱ ማሰሮ ውስጥ ነበረች። ማንሶክ ታስሮ ብቻዬን ስቀር፣ ባሌን ያሳሰረውን ስም ላየው እልህ ያዘኝ። ባላነበውም ልየው አልኩ። እራቴን እበላለሁ፣ እቀመጣለሁ። እባቡ መጀመሪያ በግራ ነው የሚነድፈው። ዝቅ ትላለህ፣ ምላሱን ሲሰበስብ ትዘላለህ። የእናንተ ልጆች ይቸኩላሉ።

ቾልጁን፦ እርስዎ... እስከ መጨረሻው?

ቡንሱን፦ ማንሶክ ሲፈታ እዚሁ አስቀምጬ አሳየሁት። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ሲያልፉ አንድ በአንድ አየ። «እነዚህስ ተጽፈዋል» አለ። እስኪሞትም ስለዚያ ነገር ሌላ አልተናገረም።

ቾልጁን፦ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?

ቡንሱን፦ ያንን ሐሰት ከግድግዳው አንሳ። ማንሶክን ከአባትህ ፊት ጻፍ። አብረው ቀዱ በል። ቡንሱንም በየደች በል፣ አላፍርበትም።

ቾልጁን፦ እስከ ነገ? መዳብ ላይ እኮ ነው የተቀረጸው። አይቻልም፣ አክስቴ።

ቡንሱን፦ እንግዲያው ነገ አዳራሹ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር አስቀምጥልኝ። መደገፊያ ያለው ይሁን፤ መጨረሻው ሩቅ ነው።