የመኪናዋ ምራቂ

ጊዜው የደርግ ነው፤ ትንሿ ታክሲ ከካራ ወደ ኮተቤ ቁልቁል ስትወርድ እኔ ከሹፌሩ ጎን ነኝ። ከኋላዬ ሁለት የቢሮ ሰዎች ያወራሉ።

«መኪናህስ?»

«ሸጥኳት። ፍሬኗ እንቢ አለ።»

«ታዲያ ቤተሰብ ጭነህ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንዴት ትወጣ ነበር?»

«መውጣቱማ ምን ችግር አለው? ስንወርድ ነው እንጂ። ባለቤቴ ድንጋይ ታቅፋ ትቀመጣለች። ‹አሁን!› ስላት ዘላ ወርዳ ጎማው ሥር ትወሽቀዋለች።»

«ወይ ጉድ! ስታ አታውቅም?»

«ጓደኛዬ፣ በተሰማራችበት የሥራ መስክ አንደኛ ናት!»

«ክላክስስ ነበራት?»

«እሱ የአማቴ ድርሻ ነው። በመስኮት ብቅ ብለው ‹ዞር በሉ!› እያሉ ይጮኻሉ።»

«ምነው መካኒክ ብታሳያት?»

«አሳይቻለሁ እንጂ! ከሥር ገብቶ አያት አያትና፣ ‹ድንጋዩ ትንሽ ነው› አለኝ።»

«ታዲያ እሷን ማን ገዛት?»

«አንድ ሰውዬ። ሰማያዊና ነጭ ቀብቶ ታክሲ አደረጋት። ድንጋዩንም መረቅሁለት።»

«ትንሹን?»

«ኧረ ትልቁን! ሰው ይጭንባት የለ?»

ከተሳፈርኩ ጀምሮ እግሬን ያሳረፍኩበትን ድንጋይ ቀስ ብዬ አንስቼ ታቀፍኩት።