የአቶ ይኸነው ሰንጢ

ጥር ሃያ ሁለት ቀን ማለዳ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስሄድ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ አዲስ ቅዳምን እንዳለፈ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ምህረቴ ትርፍ ጎማ አልያዘም ነበር። ከእንጅባራ እስኪመጣለት ከአንድ ሰዓት በላይ እንደምንጠብቅ ነገረን። መዘግየቴን ለእናቴ ልነግራት ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ፍለጋ ቦርሳዬን አንግቤ ለከሰል በሚተከሉት የዲከረንስ ዛፎች መካከል ወደ ጉብታው የሚወጣውን የእግር መንገድ ያዝሁ።

እኩሌታውን እንደወጣሁ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። በእጃቸው የተከፈተ ሰንጢ ይዘዋል።

“ቁሚ እስቲ” አሉኝ።

ቆምሁ። መጮህ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄን ከፍ ማድረግ አይሆንልኝም። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ሽማግሌው ቦርሳውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ተቀበሉኝና ከትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

“ይከብዳል። ምን ይዘሽ ነው ልጄ?”

“መጽሐፍና ልብስ ነው።”

“አይዞሽ፣ እኔ እይዝልሻለሁ። ቁሚ ያልሁሽ ግን ለዚህ አልነበረም። ግንዲላ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው።”

ሊዘርፉኝ ነው ብዬ እንደነበር አልነገርኋቸውም። እስከ ዛሬም አልነገርኋቸውም። ቦርሳዬን ተከትዬ ጉብታውን ወጣሁ።

ጉብታው ላይ በቀይ ክር ያጌጠ ዳማ ፈረስ ከዛፍ ታስሮ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት እናት ድንች ከሞላ ማዳበሪያ ጎን ተቀምጠው ከብርዱ ነጠላቸውን አጣፍተዋል።

“ሰው አገኘሁ” አሉ ሽማግሌው።

“ሰው አገኘህ ወይስ ቦርሳ?” አሏቸው ሴትዮዋ።

አቶ ይኸነውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ስሜነሽ በማግስቱ ለሚውለው የፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ የሚሄዱ ናቸው። ገና ሳይነጋ ከቤታቸው ወጥተው በእግር ሲጓዙ ብርዱ ቢጠናባቸው እሳት አንድደው ድንች ሊጠብሱ አረፍ ማለታቸው ነው።

“አምና ታምሜ ሳልጋልብ ቀረሁ” አሉኝ አቶ ይኸነው የፈረሱን አንገት እየዳበሱ። “ይኼ ደግሞ ልጓሙን ከእኔ እጅ በቀር ለማንም አይሰጥም። እኔ ስቀር እሱም ቀረ። ዓመት ሙሉ ነገን ስንጠብቅ ነው የኖርነው።”

ይህን ብለው የክንድ ውፍረት ያለው ግንዲላ አቆሙ። ሰንጢውን ከግንዲላው አናት ላይ አጋድመው በግራ እጃቸው እጀታውን ጨበጡ፤ በቀኛቸው ዱላ አነሡ።

“ግንዲላውን ያዥልኝ። በዱላው ጀርባውን ስመታው ሰንጢው እየሰነጠቀ ይወርዳል።”

“አባባ፣ ባይመቱት ይሻላል” አልሁ። ድምፄ ስለሚያንስ አልሰሙኝም።

“ልጅቱ የምትልህ አለ፤ ስማት” አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ።

“ሰንጢው ሊታጠፍብዎ ይችላል ነው የምለው። የተሠራው ለመቁረጥ ነው፤ ለመፍለጥ አይሆንም።”

አቶ ይኸነው ዱላውን ዝቅ አደረጉ። “የልጄ ባል ከጫግኒ ገዝቶ ያመጣልኝ ነው። በፋሲካ ሙክት ገፍፌበታለሁ። ጠፍር ይበጥሳል፤ ገመድ ይበጥሳል። ለመሆኑ አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?”

“ዳንግላ ከአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የብረት ሥራ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትም እሱኑ ነው።”

“ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ሰንጢ ልትማሪ ነው?”

“ስለ ብረት ነው የተማርሁት። ሰንጢም ብረት ነው።”

ወይዘሮ ስሜነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ተምረናል የምንል ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምናውቀውን ቃል ደርድረን ሽማግሌውን ዝም ስናሰኝ ያሳመንነው ይመስለናል። ዝም ያለ ሰው ግን ዞር ስንል ዱላውን መልሶ ያነሣል። ስለዚህ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ከሚያውቁት ነገር መነሣት ፈለግሁ።

“አባባ፣ ጭነት የበዛበት ፈረስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ምኑ ነው?”

“ምኑ ይሆናል፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ነዋ።”

“የእግሩ አጥንት አይሰበርም?”

“አጥንቱማ ጠንካራ ነው። ቀድሞ የሚሄደው መገጣጠሚያው ነው። ይህንማ ሕፃንም...” ብለው ሳይጨርሱ አቆሙና በእጃቸው ያለውን ሰንጢ ተመለከቱ። ፈገግ አሉ። “ፈረሴን ከሰንጢ ጋር አንድ አደረግሽብኝ።”

“ቆዳ ሲገፍፉ የሚሠራው ስለቱ ብቻ ነው። በዱላ ሲመቱት ግን የምቱ ኃይል የሚያርፈው በመታጠፊያው ላይ ነው። መታጠፊያውን የያዘችው ሚስማር ደግሞ ከስንደዶ ብዙም አትወፍር።”

“እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ አለውኮ። እይው።”

“አለው። እሱም ኪስ ውስጥና በቀላል ሥራ ላይ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሲደበደብ ይስታል።”

አቶ ይኸነው በሌላ በኩል መጡብኝ። “እሺ፣ ወደ በዓል መጥረቢያ ተሸክሜ ልሂድ? ያየኝ ሁሉ ይኸነው ከማን ተጣላ አይልም? አባቴም አያቴም ወደ ፈረስ ጨዋታ ሲሄዱ ሰንጢ እንጂ መጥረቢያ አልያዙም።”

“አባትዎ በሰንጢያቸው ይፈልጡ ነበር?”

“አባቴ...” ብለው ፈረሱን አዩት፤ እሱ የሚመልስላቸው ይመስል። “አባቴማ ጠፍር ያበጅበት ነበር። እንጨት ሲያስፈልገው ከመንገድ ዳር ሰው ቤት መጥረቢያ ይዋስ ነበር።”

“ታዲያ በዱላ መምታቱን ከማን አዩት?”

አሁን አቶ ይኸነው አንገታቸውን አከኩ። ወይዘሮ ስሜነሽ ቀድመው መለሱ። “ከስልክ ነው። የልጃችን ባል አንድ ፈረንጅ ጫካ ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ አሳይቶት፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ያለውን ፍልጥ ሁሉ በሰንጢ ካልሰነጠቅሁ ይላል።”

“የዚያ ሰው ቢላዋ የሚታጠፍ ነበር?”

“እሱን ልብ አላልሁም” አሉ አቶ ይኸነው።

“የማይታጠፍ ይሆናል። ወፍራም ሆኖ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ የሚዘልቅ ቢላዋ ነው እንደዚያ የሚደረግበት። እሱም ቢሆን መጥረቢያ ሲጠፋ ነው።”

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። እኔ የአባቶችን ልማድ ላሻሽል ስከራከር የነበርሁት ገና በቅርቡ ከስልክ ከመጣ ነገር ጋር ነበር። የአባታቸው ልማድስ ሰንጢን ለሰንጢ ሥራ፣ መጥረቢያን ለመጥረቢያ ሥራ የሚተው ነበር። ጉድለቱ መጥረቢያውን ከሰው ደጅ መጠበቁ ነው። ባሁኑ ጊዜ ደግሞ በዚያ መንገድ ዳር ከዛፍ በቀር የሰው ደጅ ብዙ የለም።

“በቃል አልረታም” አሉ አቶ ይኸነው። “ካየሁ ግን እረታለሁ።”

“ጣትዎ ሳይኖርበት እንየው።”

ጣት የሚያህል ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ጣቶቻቸው በሚያርፉበት በእጀታው ሆድ፣ ስለቱ ሲታጠፍ በሚገባበት በኩል፣ በክር አሰርሁት። በእጃቸው ክብደት ፋንታ ደግሞ በፈረሱ ገመድ ድንጋይ ከእጀታው ላይ አንጠለጠልሁ። ግንዲላውን ከሁለት ድንጋዮች መካከል ሸጉጠን አቆምነው። እርሳቸው በወዲያኛው ወገን ራቅ ብለው ቆሙና ዱላቸውን አነሡ።

በመጀመሪያው ምት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ገባ።

“ይኸው ገባ” አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ሦስተኛው ምት በስለቱ ጫፍ ላይ አረፈ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። መቆለፊያው ሳተና እጀታው ወደ ታች ታጠፈ። ለጋው ቅርንጫፍ ስለቱ ላይ ተጭኖ እስከ መሀሉ ተቆርጧል፤ በልጣጩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

አቶ ይኸነው ጎንበስ ብለው ቅርንጫፉን ፈቱት። ከግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ጎን አድርገው ለኩት፤ እኩል ነበር።

“ይኼ የትኛው ጣትህ ነው?” አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ።

“ነገ ልጓም የምይዝበት” አሉ አቶ ይኸነው። ቅርንጫፉን ግን አልጣሉትም። በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። “ለልጄ ባል አሳየዋለሁ።” ከዚያ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። “ተረትቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የተረታሁት። አሁንስ ድንቹን በጥሬው ልንበላ ነው?”

“ሰንጢው የሚችለውን ሥራ እንስጠው” አልሁ። መታጠፊያው ጥቂት ላልቷል እንጂ ስለቱ ደህና ነበር። ከመሬት የወደቀ ደረቅ ጭራሮ አነሣሁና ከራሴ ወደ ውጭ እየላግሁ ስስ ልጣጭ አወጣሁ። “ክብሪት የሚይዘው ይህ ነው። ከዚያ ጭራሮውን መደርደር ነው። እሳቱ እንዲቆይ ግን ፍልጡ ያስፈልገናል፤ ለእሱ መጥረቢያ የለንም።”

ወይዘሮ ስሜነሽ ተነሥተው የድንቹን ማዳበሪያ ወደ ራሳቸው ጎተቱ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና ከሥሩ ትንሽ መጥረቢያ አወጡ።

አቶ ይኸነው መጥረቢያውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ። “ከቤት ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነበር?”

“ነበር።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“እኔ ስነግርህ ከማን ተጣላ ይሉኛል ትለኛለህ። ሌላ ሰው ይንገረው ብዬ ጠበቅሁ።”

አቶ ይኸነው ግንዲላውን በአራት ምት ፈለጡት። እኔም ጉብታው ላይ ኔትወርክ አግኝቼ መዘግየቴን ለእናቴ ነገርኋት። ጭሱን አይቶ ምህረቴ መጣ፤ ተሳፋሪዎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉት። ከፍሙ ውስጥ የወጣውን ድንች በጨው እየበላን ተሟሟቅን። ምህረቴ ድንቹን ሊልጥ ከኪሱ ሰንጢ ሲያወጣ አቶ ይኸነው አዩት።

“ለመላጥ ከሆነ እሺ” አሉት። “በዱላ እንዳትመታው ብቻ። የሰንጢ ነገር እንደ ፈረስ እግር ነው፤ መገጣጠሚያው ይቀድማል። ትንሽ መጥረቢያ ከመቀመጫህ ሥር ብታኖር ምን ይጎዳሃል? ጣትህም ይተርፍልሃል፣ ሰንጢህም ለልጅህ ይደርሳል፣ መንገድ ላይ ስትቆምም ሰው አይበርደው።”

“ትርፍ ጎማም ቢይዝ ጥሩ ነው” አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

እኔም ያን ዕለት አንድ ነገር ተማርሁ። የተማረ ሰው ምክሩ የሚሰማለት፣ የሚመከረው ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቅና በዓይን የሚታይ ነገር ሲያሳይ ነው። ድምፅ ማነስ ያን ያህል አይጎዳም።

ጎማው ሲመጣ አቶ ይኸነው ቦርሳዬን እስከ አስፋልቱ ተሸክመው አደረሱልኝ። ሰንጢውንም ሚስማሩን እንዳጠብቅላቸው ሰጡኝ።

በማግስቱ አቶ ይኸነው እንጅባራ ላይ ከፊተኛው ረድፍ ጋለቡ። ልጓሙን በግራ እጃቸው ይዘው ነበር። መጥረቢያው በቆዳ ተሸፍኖ ከኮርቻው ጋር ታስሯል። ከማን ተጣላህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።